አባቴ ቀና ያለበት ሰሞን

ጎረቤቴ ሰሞኑን አዲስ የብረት በር እያሠራ ነው። የብየዳው ጩኸት አላስነብብ ስላለኝ መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁና እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ፤ በያጁ የጋለ ብረት ባልዲ ውስጥ ነክሮ ኖሮ ሽታው ሽቅብ መጣብኝ። ይህን ሽታ ለማያውቀው ሰው መንገር ቀላል አይደለም። ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ብቻም አይደለም። ከንፈሩን የነከሰ ሰው አፉ ውስጥ የሚያገኘው የደም ጣዕም፣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አቧራና ጥቂት የተቃጠለ ፀጉር ቢደባለቁ ወደዚያ ሳይጠጋ አይቀርም። ወደ ታች ባይ፣ በያጁ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ብልጭታው ሲነሣ ብቻ ፊቱን ዞር እያደረገ ይሠራል።

«መነጽሩን አውርደው እንጂ ልጄ፤ ለግንባርህ ነው እንዴ የገዛኸው?» አልሁት ከላይ ሆኜ።

«ኧረ ተይኝ እማማ፣ ሲያወርዱት ያልባል!» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ የጤነኛ ሰው ሳቅ ነው፤ ዓይኖቹም ገና ያምራሉ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሽታው ግን ከእኔ ጋር ውስጥ ቀረ፤ ጀምሬው የነበረውንም መጽሐፍ ያን ቀን መልሼ አልገለጥሁትም።

አባቴ ባለእጅ ነበር። ባለእጅ የጨዋ ስሙ ነው፤ ገበያ ላይ ቀጥቃጭ ይሉታል፣ ከጀርባው ደግሞ ቡዳ። ዛሬ ዘንባባ የተሰለፈበት አስፋልት የሚያልፍበት ቦታ ያን ጊዜ የባሕር ዳር ጫፍ ነበርና የጣና ደንገል እስከ ጓሯችን ይደርስ ነበር፤ በክረምት ውሃው ሲሞላ እንቁራሪቶች እሳት ሊሞቁ የመጡ ይመስል እስከ ምድጃው ድረስ ይዘልቃሉ፣ አባቴም የጋለ ብረት በጉጠት እንደ ያዘ እነሱን ላለመርገጥ በእግሩ ጣት ሲራመድ ላየው ጭፈራ የጀመረ ነበር የሚመስለው። እናቴ እኔ የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ስለ ሞተች ወናፉ የእኔ ሥራ ሆነ። ወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ ከረጢት ነው፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይጨመቃል፣ ትንፋሹም በሸክላ አፍንጫ በኩል ከሰሉ ሥር ይገባል። በቀኝና በግራ እጄ እያፈራረቅሁ ስጫን እሳቱ በእኔ ደረት የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። የቆዳው ክርፋት፣ ከደቅ ደሴት በታንኳ የሚመጣው ከሰል ገና ሳይቀጣጠል የሚሰጠው የእርጥብ እንጨት ጠረን፣ የአባቴ ላብ፣ ከደንገሉ በኩል የሚነፍሰው የአሣ ሽታ፤ ልጅነቴ ይኸው ነው፣ ሌላ መዓዛ የለውም።

አባቴ ብዙ አይናገርም፤ የሥራ ቤቱን ሕግ ግን ሲደጋግመው ቄስ ዳዊት የሚደግም ይመስል ነበር። የመዶሻው ራስ ከእጀታው ወልቆ እንዳይበር ማታ ማታ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጉጠቱ ለያዘው ብረት ልክ ካልሆነ ብረቱ በመጀመሪያው ምት ያመልጣልና ጉጠቶቹ ግድግዳው ላይ በአፋቸው ስፋት ተራ ተሰቅለው ይኖራሉ፤ አንዱን ያለ ቦታው የሰቀልሁ ቀን እራቴን እየበላሁ እንኳ አስነሥቶ ቦታው አስመልሶኛል። ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ በባዶው መምታት ክልክል ነው፤ መዶሻው ነጥሮ ግንባር ይፈልጋል። ናይለን ለብሶ እሳት አጠገብ አይቀረብም። የሥራ ቤቱ አራተኛ ግድግዳ ከነጭራሹ አልተሠራም፣ የከሰሉ ትንፋሽ መውጫ ካላገኘ ሰው ሳያውቀው ያስተኛዋል። ከሁሉም በላይ ግን መሬት ላይ የወደቀ ብረት፣ የቱንም ያህል ቢጠቁር፣ በመዳፍ አይነሣም። «ቀዩስ ራሱ ይናገራል» ይለኝ ነበር፤ «የምትፈሪው ጥቁሩን ነው። መጀመሪያ የእጅሽን ጀርባ አስጠጊለት።» እስከ ዛሬ ድስት ከምድጃ ሳነሣ የእጄን ጀርባ አስጠጋለሁ፤ ቤቴ የሚመጡ ሰዎች ድስቱን የምባርከው ይመስላቸዋል።

ለእጅ፣ ለእግር፣ ለፀጉር፣ ለሳንባ ሕግ የነበረው ይህ ሰው ለዓይን ግን ምንም ሕግ አልነበረውም።

ምክንያቱን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ዓይን ሰው ይበላል ይባል ነበር። አባቴ ሲያልፍ ሴቶች የወተት ቅል ይከድናሉ፣ ሕፃን ያዘለች ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ትሸፍናለች፣ የሰባ በሬ የሚነዳ ገበሬ በሬውን በወዲያ በኩል ያደርገዋል። አባቴም ከአባቱ የተማረውን መፍትሔ ይዞ ይኖር ነበር፤ መሬት መሬቱን ማየት። ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በእግራቸው ነበር። «ያ አውራ ጣቱ ወደ ጎን የሄደው ሰውዬ መጥረቢያ ሊያሾል መጣ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ወይም «ተረከዟ የተሰነጠቀው ሴትዮ ዛሬ አዲስ ኮንጎ ጫማ አደረገች» ይላል። እኔም በእግር ጣት ሰው መለየት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ሳይሰብር፣ የልቡን ያህል ሊያየው የሚችለው ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሳት። እሳት ፊቱን አይሸፍንበትም። ስለዚህ ሥራ ባይኖረውም እንኳ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር።

በዚያ ዘመን ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጋሽ ተሾመ የሚባሉ በያጅ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ ለሥራ የመጡ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚቀድም ሰው። አንድ ቀን የመጥረቢያቸውን እጀታ ሊያስገጥሙ መጡና ጠማቸው። ቤት ገብተው የእኛን ውሃ በእኛ ጣሳ ጠጡ፤ አባቴም ጣሳውን በሁለት እጁ መልሶ ተቀበለ፤ እስከዚያ ድረስ በዚያ ጣሳ ከእኛ በቀር ማንም ጠጥቶበት አያውቅም። ጋሽ ተሾመ የአገሩን ፍርሃት አላወቁትም፣ ወይም አውቀው ንቀውታል። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጡ ጎራ ማለት ልማዳቸው ሆነ።

«አንተ ሞላ፣ እሳቱ ውስጥ የጠፋብህ ነገር አለ እንዴ? እንዲህ አፍጥጠህ የምትፈልገው?» ይሉታል።

«ሌላ የት ልይ ጌታዬ?» ይላል አባቴ፣ እግራቸውን እያየ።

የግራ ዓይኑን ብረት የመታው በዚያው ዓመት ነው። ከመኪና ባሌስትራ ዶማ ሲያወጣ ከብረቱ ላይ ቅርፊት ተፈናጥሮ ገባ። ቅርፊት ዓይኑ መግባቱ አዲስ አልነበረም፤ ሌላ ጊዜ በነጠላዬ ጫፍ አወጣለት ነበር፣ ይህ ግን እምቢ አለ። ጋሽ ተሾመ እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ ፍንጣሪውን አወጣና ዓይኑ ላይ ነጭ ጠባሳ እንደሚቀር፣ ሌላውም ዓይን ቢሆን በእሳቱ ግለት እየደከመ መሆኑን ነገረው፤ ሳይሸፍን ከሠራ ሁለቱንም ያጣል። በሚቀጥለው ቀን ጋሽ ተሾመ ያገለገለ የብየዳ መነጽራቸውን ይዘው መጡ፤ ክብ ክብ ጥቁር መስታወት ያለው፣ በጎማ ከኋላ የሚታሰር።

«አቤት! አሁን ፓይለት መሰልክ!» አሉ ራሱ ላይ እያሰሩለት። «ብቻ አደራህን፣ ቤታችን ላይ እንዳትወድቅ።»

አባቴ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ያን ቀን ሰማሁ።

ችግሩ መነጽሩ የብረቱን ቀለም መብላቱ ነበር። ብረት ሠሪ ግለትን የሚያውቀው በቀለም ነው፤ በዚያ መስታወት ውስጥ ግን የጋለው ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዛዛ አረንጓዴ ሆነበት። ስለዚህ እኔ ከወናፉ ሥር ሆኜ መጥራት ጀመርሁ። «በርበሬ!» እላለሁ፣ ብረቱ ገና ለመዶሻ አልደረሰም። «ብርቱካን!» ስል ጉጠቱን ይዘረጋል። «አስኳል!» ካልሁ ደግሞ ፈጥኖ ካላወጣው ሊቃጠል ነው። ማጭዱ ተቀጥቅጦ ካለቀ በኋላ ስለቱ ውሃ ነክቶ ሲወጣ በድንጋይ ፈግፈግ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በነጣው ብረት ላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ቀለም እንደ ጥላ ከጀርባው ወደ ስለቱ ይሮጣል፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠብቄ፣ ልክ ስለቱ ጋ ሲደርስ «ገለባ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ እሱም ወዲያው ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ቢዘገይ ይለሰልሳል፣ ቢቸኩል ይሰበራል። ለቃል ትክክለኛነት ያለብኝን አባዜ ብዙ ሰው ከመጽሐፍ ያመጣሁት ይመስለዋል፤ እኔን ግን ከዚያ ነው የያዘኝ፤ አንድ ቃል በሰዓቱ ካልተባለ ብረት ይበላሻል።

ነገር ግን መነጽሩ ለአባቴ ዓይኑን ከማዳን ሌላ ያልታሰበ ነገር አደረገለት። ጥቁሩ መስታወት ዓይኑን ከእሳት እንደ ሸሸገው ሁሉ ከሰውም ሸሸገው። ወዴት እንደሚያይ ማንም አያይበትም። መጀመሪያ በትንሹ፣ አገጩን ብቻ ከፍ አደረገ፤ ከዚያ አንገቱን። ብዙ ሳይቆይ ገበያ ሲሄድም አላወልቀው አለ፤ ለጠየቀው ሁሉ ፀሐዩ ነው ይላል። ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ያየውን ይነግረኝ ነበር፣ ሩቅ አገር ደርሶ እንደ ተመለሰ ሰው። አውራ ጣቱ ወደ ጎን የሄደው ሰውዬ ለካ ሽበታም ኖሯል። ተረከዟ የተሰነጠቀው ሴትዮ ለካ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። ለካ ከገበያው መሐል ሆኖ ጣና ይታያል። ይህ እንግዲህ ከልጅነቱ ጀምሮ በየሳምንቱ የሚመላለስበት ገበያ ነበር።

ሰው ግን አስተዋለ። ወዴት እንደሚያይ ባያውቅም አንገቱ ቀና ማለቱን አስተዋለ።

አጨዳው ሲቃረብ፣ ማጭድ በሚፈለግበት ወቅት፣ የጎረቤታችን የወይዘሮ አንጓች ትንሽ ልጅ አተኮሳት። ትኩሳት በዚያ ሰፈር ብርቅ አልነበረም፤ ደንገሉ ትንኝ እንጂ ሌላ አያመርትም። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለ ግን ከፊቴ የነበሩት ሴቶች እኔ መሆኔን ሳያዩ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ዱሮስ ወዴት እንደሚያይ እናውቅ ነበር» አለች አንዷ። «አሁን በጥቁር ጋርዶት ማንን እንደሚያይ ማን ያውቃል?»

«ይኸው ታወቀ እንጂ!» አለች ሌላይቱ። «የአንጓች ልጅ አትበቃሽም?»

እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስሁ። ልጅቷ ሰንበት ሳይደርስ ድና ከጓሮ ስትጫወት አየኋት፤ መዳኗን ግን ከአባቴ ጋር ያያያዘ ሰው አልነበረም። ማጭዶቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ሥራ ቤቱ ያን ያህል ፀጥ ብሎ አያውቅም፤ የእንቁራሪቶቹ ጩኸት ብቻ ይሰማበት ነበር።

በመጨረሻ የመጡት ሽበታሙ ሽማግሌ ናቸው፣ አውራ ጣታቸው ወደ ጎን የሄደው። ደጃፉ ላይ ራቅ ብለው ቆመው፣ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው፣ ለራሳቸው ልጅ እንደሚናገሩ ሁሉ ለስለስ አድርገው ተናገሩ።

«ሞላ፣ እኔ እንኳ ይህን ወሬ አላምንም። አባትህ በሠራልኝ ማረሻ ነው ቤቴን ያቆምሁት። ግን ምራት አለችኝ፣ ነፍሰ ጡር ናት። ካንተ የገዛሁትን ማጭድ ቤት አላስገባም ብላ ደጅ አሳደረችብኝ። እንደ ዱሮህ መሬት መሬቱን እያየህ ብትሠራ ምናለ? ይህን ነገር አውልቀው። ላንተም ይበጅሃል፣ እኛም እንገዛልሃለን።»

«እሺ ጌታዬ» አለ አባቴ።

እዚያው ፊታቸው የጎማውን ማሰሪያ ፈታ። መነጽሩ ከተነሣ በኋላ ዓይኖቹ ወዲያው መሬት ላይ ወደቁ፣ ሽማግሌውም የቀለላቸው ሰው ትንፋሽ ተነፈሱና «ተባረክ፣ አስተዋይ ሰው ነህ» ብለው አራት ማጭድ አስመረጡኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እስከ ዛሬ የማልችለው ይህንን ነው። ክፉ ቢሆኑ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ጋሽ ተሾመ ሲሰሙ ሥራ ቤቱን በጩኸት አናጉት። «የሚጠፋው ያንተ ዓይን ነው፣ የእነሱ አይደለም! ሰምተሃል ሞላ?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ማጭዱን ካልገዙኝ ግን ይህቺ ልጅ ምን ትበላለች?»

ጋሽ ተሾመ ወደ እኔ አዩ፣ መልሰው ወደ እሱ አዩ። ነጭ መስታወት ያለው መነጽር እንደሚፈልጉለት፣ ዓይኑ ከሩቅ የሚታይ ስለሚሆን ማንም እንደማይፈራው ነገሩትና ሄዱ። እውነትም ይፈልጉለት ነበር፣ ይህን አልጠራጠርም። ግን መነጽሩ ሳይገኝ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ ሊሰናበቱን ሲመጡ እኔና አባቴ ከሰል ልንገዛ ወደብ ወርደን አላገኙንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ እናገረዋለሁ፤ ሲደርስ ግን ቶሎ አልነበረም። ደንበኞቹ ተመለሱ። አባቴም ወደ እሳቱ ተመለሰ፣ ባዶ ዓይኑን ይዞ። መነጽሩን ቢያወልቅም እኔ ቀለም መጥራቴን አልተውሁም፤ እሱም ተይ አላለኝም፣ መጀመሪያ ከልማድ፣ በኋላ ግን እውነትም የማያየው ስለ ሆነ። የግራው ዓይን ጠባሳው ሰፍቶ ዘጋው። የቀኙ እንደ ጉም ቀስ ብሎ መጣበት። መዶሻው መስፉን ሲስት ድምፁ ሌላ ነው፣ ያንን ድምፅ አንድ ብዬ መስማት ከጀመርሁ በኋላ ወናፉን ስነፋ ጥርሴን ነክሼ ነበር። የግራ እጁን አመልካች ጣት በገዛ መዶሻው የቀጠቀጠ ዕለት ጉጠቱን በዳበሳ ቦታው ሰቀለና፣ በአፉ ስፋት ተራውን ሳያዛባ፣ ከዚያ ሥራ ቤት ወጣ። በኋላ ዘመን ከትልቁ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር፤ ጉሙ ቢገፈፍም ከበስተኋላው ያለው ተጎድቷል፣ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ አለን።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ያን ጊዜ ነው። ቀለም የሚጠራለት ሰው አላስፈለገምና። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ መምህሩ የተማሪ እናት መስዬው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር አቀረበልኝ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም እያፈርሁ ከወገባቸው በማይበልጠው ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥሁ። ጠዋት ፊደል ቆጥሬ ከሰዓት የሰው ልብስ አጥባለሁ፤ ማታ የተማርሁትን ለአባቴ አነብለታለሁ። ሲያዳምጥ ፊቱ ወደ ምድጃው ነበር፣ እሳት ባይነድበትም። ከዚያ ንባብ ነው የዛሬ እንጀራዬ የመጣው፤ በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁበት። መጽሐፍ በከፈትሁ ቁጥር የምከፍተው በማን ዓይን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ደግሞ ማንንም አይመልስም። ሥራ ቤቱ ፈርሷል፣ ደንገሉ ተመንጥሯል፣ ማጭድ ከባሕር ማዶ በጆንያ ይመጣል። በአፌ ውስጥ የቀረው «ገለባ!» የሚለው ጩኸት የሚሰማው ጆሮ የለም።

ይሁን እንጂ እጅግ የከበደኝ ይህ አይደለም። አባቴ ዓይኑን ካጣ በኋላ ሰፈሩ ወደደን። ማየት የማይችል ሰው ምን ያስፈራል? «አንተ ሞላ» ይሉት የነበሩት ሁሉ «አያ ሞላ፣ እንዴት አደሩ?» እያሉ ደጃችን ላይ መቆም ጀመሩ። ለዝክር ጠሩት፣ ከመሐል አስቀመጡት፣ ከአንድ መሶብ አብረውት በሉ። ምርኩዙን ይዞ ሲወጣ እጁን ይዘው ያሻግሩታል። እሱም ለሁሉም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያመሰግን ነበር፤ እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ ምስጋናውን መስማት አቅቶኝ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

አንድ እሑድ ወይዘሮ አንጓች የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሥተው ሲመለሱ በደጃችን አለፉ። አባቴ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ወይዘሮ አንጓች ከጥሩ ልብ፣ ከእውነተኛ ጥሩ ልብ፣ ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አንሥተው ጭኑ ላይ አኖሩት። በሕይወቱ የሰው ልጅ ሕፃን ጭኑ ላይ ሲቀመጥ፣ ከእኔ ቀጥሎ፣ ያ የመጀመሪያው ነው። ሻካራ እጆቹ ጨርቁን እንዳይቧጭሩ ጣቶቹን አጥፎ በእጁ ጀርባ ደገፈው። ከዚያም ያ ምንም የማያይ ሰው ፊቱን ከሕፃኑ ላይ አንሥቶ ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ኧረ ወዲህ ይዙሩ አያ ሞላ!» አሉ ወይዘሮ አንጓች እየሳቁ። «አሁንማ አያዩትም፣ ምን ያስፈራዎታል?»

ሁሉም ሳቀ። አባቴም ከእነሱ ጋር ትንሽ ፈገግ አለ፤ ፊቱን ግን አልመለሰም፣ ሕፃኑ ተነሥቶ እስኪወሰድለት ድረስ። በዚያ ሰፈር ተወልዶ፣ አገሩ ያጨደበትን ማጭድ ሠርቶ፣ ከእኔ በቀር የአንድም ልጅ ፊት ሳያውቅ ሞተ።